ቱሉ ዲምቱ፦ ከሐዋሳ ለሚነሡ ተጓዦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ባሌ ለመሄድ የሚያስቡ የሐዋሳ ሰዎች ስለ ቱሉ ዲምቱ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ቱሉ ዲምቱ የት ይገኛል?

በኦሮሚያ ክልል ባሌ ዞን፣ ከጎባ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባለው የአገራችን ክፍል ከእርሱ የሚበልጥ ተራራ የለም።

ሹልና ገደላማ ጫፍ እየጠበቀ የሚሄድ ሰው ግን ሲደርስ ግራ ይጋባል። ቱሉ ዲምቱ በሰፊው የሳነቴ አምባ ላይ የተቀመጠ፣ ወገቡ ለስላሳ፣ አናቱ ክብ የሆነ ጉብታ ነው። አምባው ራሱ 4,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጉብታው ከዙሪያው የሚበልጠው በጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። በቦታው ላይ የሚያስደንቀው ጉብታው ሳይሆን የቆመበት አምባ ነው። ለጫፉ ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው ያን ሁሉ መንገድ የሚጓዘው ጫፉ ላይ ለተተከለ አንድ የቴሌኮም አንቴና ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉትም ይህ እንዳይሆን በመመኘት ነው።

ከአዲስ አበባ መውጫ፣ የክፍያ መንገዱ መግቢያ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ ነው?

አይደለም። ያኛው የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ቱሉ ዲምቱ የሚባሉ ቦታዎች በኦሮሚያ ውስጥ ከአንድ በላይ አሉ፤ የስም መመሳሰል ብቻ ነው። በባቱም ላይ እንዲሁ ያለ ግራ መጋባት አለ። ባቱ የሚባለው ተራራ ከቱሉ ዲምቱ ጋር በዚያው በባሌ የሚገኝ ሲሆን 4,307 ሜትር ከፍታ አለው። ባቱ ከተማ ደግሞ ሁላችንም ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፋት፣ ዝዋይ ስትባል የኖረችው የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። መኪና ስትከራዩ «ባሌ፣ ጎባ፣ ሳነቴ» ብላችሁ ተናገሩ፤ ያን ጊዜ ስሕተት አይፈጠርም።

ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ላይ ሆነን ብናይ ይታየናል?

አይታይም። ከሐዋሳ እስከ ቱሉ ዲምቱ በቀጥታ መሥመር ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በመካከሉም የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳና ከእርሱ በስተጀርባ ያለው የኮፈሌና የአካባቢው ደጋ ቆመዋል። ከታቦር ላይ ወደ ምሥራቅ ስናይ አድማሱን ዘግቶ የሚታየን ሰማያዊ መሥመር ያ ግድግዳ ነው። ባሌ ከዚያ ወዲያ ነው።

ከሐዋሳ በየት በኩል ይኬዳል? ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

መንገዱ ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ይወጣና ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አልፎ ሮቤ ይደርሳል፤ ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። እስከ ጎባ ድረስ ባጠቃላይ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዳማ የሚነሡ ሰዎች ደግሞ በአሰላና በበቆጂ በኩል መጥተው ዶዶላ አካባቢ ከዚሁ መንገድ ጋር ይገናኛሉ።

ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይቶ ጊዜ መገመት አያዋጣም። ከሻሸመኔ በኋላ ያለው መንገድ በገብስና በስንዴ እርሻ፣ በገበያ ቀን ሰውና ከብት በሚሞላባቸው ከተሞች መካከል የሚያልፍ ስለሆነ ሹፌሩ በየጥቂቱ ፍጥነቱን መቀነሱ አይቀርም። ከአዳባ አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ ጉም አለ። ጠዋት በማለዳ ከሐዋሳ ተነሥቶ፣ በመንገድ ምሳ በልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ዲንሾ ወይም ጎባ ገብቶ ማደር ትክክለኛው አካሄድ ነው። ከመነሣት በፊትም ሻሸመኔ ላይ ከባሌ የመጡ ሹፌሮችን ስለ ዕለቱ የመንገድ ሁኔታ መጠየቅ መልካም ነው።

የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ላይ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያውም፣ አስጎብኚውም እዚያው ይጨረሳሉ። ዲንሾን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ጎባ መሄድ የብዙዎች ልማድ ነው፤ ይህ ግን ትልቅ ነገር ያስቀራል። ከዲንሾ አጠገብ ያለው የጋይሳይ ሜዳና በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ያለው የጥድና የኮሶ ደን፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው የደጋ አጋዘን በቅርብ የሚታይበት ቦታ ነው።

መኪና እስከ ጫፉ ይወጣል?

ይወጣል። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ፣ በሪራና በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገድ አለ፤ ከአፍሪካ ከፍተኛ የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። ከእርሱ ላይ ተገንጥሎ እየተጠማዘዘ ወደ ቱሉ ዲምቱ አናት የሚወጣ ኮረኮንች መንገድ አለ። የተሠራው ጫፉ ላይ ላለው የቴሌኮም ማማ ነው። ለዚህ ቅርንጫፍ መንገድ ከመሬቱ ከፍ ያለና አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ይመከራል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ዳገቱ ላይ ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

የመኪናው መንገድ እስከ አናቱ መድረሱ በረከትም ችግርም ነው። በአፍሪካ ውስጥ ይህን ያህል ከፍታ ላይ አረጋውያንና ሕፃናት ሳይቀሩ ሊደርሱ የሚችሉባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። በሌላ በኩል በፍጥነት የሚነዱ መኪናዎች አውሬ ይገድላሉ። አምባው ላይ መንገዱ ቀጥ ያለና ክፍት ስለሆነ ለመፍጠን ይገፋፋል፤ ቀይ ቀበሮ ግን መንገዱን የሚያቋርጠው መኪና መጣ አልመጣ ብሎ አይደለም። ሹፌሩን ቀስ በል ማለት የተሳፋሪው ሁሉ ኃላፊነት ነው። ሹፌሩ ቢቆጣም ይነገረው።

ጉልበት ያለው ሰው የመጨረሻውን ዳገት መኪናውን ከታች አቁሞ በእግሩ ቢወጣ ይመረጣል። የድንጋዩን ዓይነት፣ ከድንጋዩ ሥር የተጠለለውን ትንሽ ነጭ አበባ፣ የነፋሱን አቅጣጫ በእግር የሄደ ሰው ያውቃል።

በአንድ ቀን ከሐዋሳ ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ሹፌርን ለድካም፣ ተሳፋሪን ለራስ ምታት መዳረግ ስለሆነ አይመከርም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በአንድ ቀን ከእርሷ ተነሥቶ 4,377 ሜትር ላይ መድረስ ማለት 2,670 ሜትር ያህል ከፍታ በአንድ ትንፋሽ መጨመር ነው። ጫፉ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህል ነው፤ ከሐዋሳ ጋር ሲነጻጸር እንኳ ከሩብ በላይ ይቀንሳል።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት ዲንሾ፣ ሮቤ ወይም ጎባ ማደር ያስፈልጋል። ዲንሾ 3,000 ሜትርን የምታልፍ በመሆኗ ሰውነትን ለማለማመድ ትመቻለች፤ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ግን ጎባና ሮቤ ዝቅ ስለሚሉ ይሻሉታል። ውሃ በብዛት ይጠጣ፤ በዋዜማው መጠጥ ይቅር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከጀመረ መድኃኒቱ መውረድ ነው። «ትንሽ ልረፍና ይለቀኛል» ብሎ እዚያው መቆየት አደገኛ ነው። መራመድ የሚያንገዳግደው፣ ንግግሩ የሚደነቃቀፍ ወይም ተቀምጦም ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ካለ የሌሎቹን ጉብኝት አቋርጦ ወዲያውኑ ወደ ጎባ ማውረድ ይገባል። የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ምን ያህል ይበርዳል? ምን እንልበስ?

በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ከታሰበ፣ ሐዋሳ ላይ 26 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው። ነፋሱ ግን ከዚያም ያበርደዋል። ሌሊቱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ የቀን ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። በማለዳ በኩሬዎቹ ዳር ውሃው ብርጭቆ ሠርቶ ይገኛል። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል።

ስለዚህ ተደራራቢ ልብስ፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ ቅባት ያስፈልጋሉ። ጋቢ ለመኪና ውስጥ ጥሩ ነው፤ ለዳገት ግን ይከብዳል፣ ነፋሱም ይገልበዋል። አምባው ላይ ድንኳን ተክላችሁ ልታበስሉ ካሰባችሁ ውሃ በዚያ ከፍታ 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ በቶሎ እንደማይበስሉ አስቡበት። ቆሎ፣ ዳቦና በቴርሞስ የተያዘ ሻይ ከችግር ያወጣሉ።

በየትኛው ወር መሄድ ይሻላል?

ለጠራ ሰማይና ለደረቅ መንገድ ከኅዳር እስከ የካቲት። ለአበባና ለአረንጓዴነት ከመስከረም እስከ ጥቅምት። ባሌ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናብ ያገኛል፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ላይገለጥ ይችላል። ወሩ የትኛውም ቢሆን ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰባል።

ጫፉ አካባቢ ለምን ዛፍ የለም?

ከባሌ ነገሮች ሁሉ ጊዜ ሰጥቶ መረዳት የሚገባው ይህ ነው፤ ሐዋሳ የሚኖር ሰው ጎባ አድሮ በአንድ ቀን መንዳት ከቡና ደን እስከ ውርጭ ምድር ያለውን ሁሉ ሊያይ ይችላልና። ከደሎ መና በኩል ከታች ብንጀምር መጀመሪያ የሐረና ደን አለ፤ በአገራችን ከቀሩት ትላልቅ የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው፤ በጥላው ሥር ማንም ያልተከለው የዱር ቡና ይበቅላል። ከፍ ሲል ቀርከሃ፣ ከዚያም ግንዶቻቸው ላይ ሽበት የሚመስል ሐረግ ያንዠረገጉ የኮሶና የአምጃ ዛፎች ይመጣሉ። 3,200 ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ አስታው ይቆጣጠራል፤ ከታች ዛፍ የሆነው አስታ ወደ ላይ ሲወጣ ቁጥቋጦ እየሆነ፣ እየደቀቀ ሄዶ ሳነቴ ጠርዝ ላይ ያበቃል።

ከዚያ በላይ ያለው ዛፍ የማይችለው ዓለም ነው። በየሌሊቱ መሬቱ ላይ ውርጭ ስለሚሠራ ሥር ይነቀላል፤ የዕድገት ሙቀት የሚገኘው በቀን ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። እዚህ የሚኖር ተክል ወይ መሬት ላይ ተለጥፎ ይኖራል፣ ወይ እንደ ጅብራ የራሱን ብርድ ልብስ ይሠራል። ጅብራ ማታ ማታ ረጃጅም ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ከውርጭ ይጠብቃል። ለብዙ ዓመታት ቀስ ብሎ አድጎ፣ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ አንድ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘር በትኖ ይሞታል። በዚያ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ የምታዩት ደረቅ ምሰሶ አበባውን የጨረሰ ጅብራ ነው። እባካችሁ ለማገዶም ለፎቶግራፍም ብላችሁ አትስበሩት፤ የሚተካው ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል።

ሳነቴ በአፍሪካ ውስጥ ከሁሉ ሰፊው የውርጭ አምባ ነው። ኪሊማንጃሮና ኬንያ ተራራ ከፍ ቢሉም ከላይ ያለው ስፋታቸው ትንሽ ነው። በባሌ ብቻ የሚኖሩ እንስሳት የበዙትም ይህን ያህል ሰፊ የቀዝቃዛ ምድር ደሴት ለረጅም ዘመን ተለይቶ ስለኖረ ነው።

ቀይ ቀበሮን በእርግጥ እናያለን?

ዕድሉ ጥሩ ነው፤ በዓለም ላይ ከሳነቴ የተሻለ ቦታ የለም። የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ባጠቃላይ ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በባሌ ይኖራሉ። በቡድን የሚኖሩ ቢሆኑም አድኖ የሚበላው እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ዋነኛ ምግባቸው በባሌ ብቻ የሚገኘው፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ግዙፍ ፍልፈል ነው። ፍልፈሉ ፀሐይ ስትሞቅ ከጉድጓዱ ብቅ ስለሚል ቀበሮውም በቀን ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሌሊት መጠበቅ አያስፈልግም። ከመኪናው ሳይወርዱ ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ ሜዳውን መቃኘት ይበቃል። መሬቱ ላይ ተለጥፎ፣ አፍንጫውን ወደ አንድ ጉድጓድ ቀስሮ የቆመ ቀይ ነገር ካያችሁ አደን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ እነዚሁ ቀበሮዎች በአምባው ዳር የሚያብበውን ቀይና ቢጫ ዘለላ አበባ ማር እንደሚልሱ አሳይቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር በትልልቅ ሥጋ በል እንስሳት ዘንድ እምብዛም አይታይም።

ምግብ መወርወር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሰው የሚከተል ቀበሮ መኪና ይገድለዋል፣ ወይም ከውሻ ጋር ይቀላቀላል። ውሻ ይዞ መሄድም እንዲሁ ነው። የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣው ወረርሽኝ በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል። በአካባቢው ያሉ ውሾችን መከተብ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው መስጠት ተጀምሯል። ይህን ሁሉ ልፋት አንድ ያልተከተበ የከተማ ውሻ ሊያበላሸው ይችላል።

ተራራው እሳተ ገሞራ ነው? ሊፈነዳ ይችላል?

የባሌ ተራሮች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በተደራራቢ ከፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። አሁን ግን እሳቱ ጠፍቷል። ለንጽጽር ያህል፣ በምድር ውስጥ ሙቀት በኩል ከቱሉ ዲምቱ ይልቅ የራሳችን ሐዋሳ ለእሳቱ ትቀርባለች፤ ከተማችን በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ በጥንት የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠች ናት።

በጥንት ዘመን በበረዶ ተሸፍኖ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አሁን በኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለም። ሳነቴ ላይ የሚጥለው በረዶም ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። ከ40,000 ዓመታት ገደማ በፊት ግን በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ የበረዶ ግግር ነበር፤ በሸለቆዎቹም በኩል ወደ ታች ይወርድ ነበር። ግግሩ እየተንሸራተተ ጠርጎ ያመጣው ድንጋይና አፈር ዛሬም በሸለቆዎቹ አፍ ተከምሮ ይታያል። አምባው ላይ ያሉት ትንንሽ ሐይቆችና ኩሬዎች ብዙዎቹ የተኙበት ጎድጓዳ ቦታም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው የድንጋይ መሥመሮቹ ናቸው። በሳነቴ ደቡባዊ ክፍል፣ ትላልቅ ድንጋዮች ተለይተው በረድፍ በረድፍ ቁልቁል ተደርድረው ይገኛሉ፤ አንዳንዱ መሥመር እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋል። ሰው ያረሰው እርሻ ይመስላል፤ ግን ሰው አልነካውም። ተመራማሪዎች የሚያስረዱት በዚያ ቀዝቃዛ ዘመን መሬቱ ደጋግሞ እየበረደና እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ ስለለየው እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በምድር ወገብ አካባቢ ብርቅ ነው። በዚህ ላይ መኪና መንዳት የማይተካ ማስረጃን ማጥፋት ነው።

በዚህ ከፍታ ሰው ኖሮ ያውቃል?

ኖሯል፤ ያውም በዚያ በበረዶው ዘመን። በፓርኩ ውስጥ ባለው በወይብ ወንዝ ሸለቆ በኩል፣ ወደ 3,470 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዓለት መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው ጥናት መሠረት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመላልሰው ኖረውበታል። ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ የመሣሪያ መሥሪያቸውን ጥቁር የመስተዋት ድንጋይ ደግሞ ከዚያ በላይ ካለው ቀዝቃዛ ምድር ያመጡ ነበር። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የከፍተኛ ተራራ መኖሪያዎች በዕድሜ ቀዳሚዎቹ ዘንድ የሚቆጠር ነው። ይህ ታሪክ ከሐዋሳ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ እያለ በየትምህርት ቤቱ አለመነገሩ ያስቆጫል።

የባሌ ውሃ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል?

አይገባም። የሐዋሳ ሐይቅ ዋና መጋቢ ጥቁር ውሃ ነው፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ የሌለው ስለሆነ ከቅርብ ዙሪያው የሚሰበሰበውን ይይዛል። ከባሌ ተራሮች የሚነሡት እነ ወይብ፣ ገናሌና ወልመል ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳሉ። ወይብ በመንገዱ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ገናሌ ደግሞ ድንበር ላይ ከሌሎቹ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ዋቢ ሸበሌም ከተራሮቹ ውሃ ያገኛል። ሳነቴ ላይ ያለው ረግረግና ሣር ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ስለሚለቀው በኦጋዴንና በሶማሊያ ቆላ ያለው ከብት አርቢ በደረቁ ወር ውሃ ያገኛል። አምባው ቢራቆት የሚጠማው ቆለኛው ነው።

ከራስ ደጀን ቀጥሎ ሁለተኛው ነው ወይስ አይደለም? አንዳንድ ቦታ አምስተኛ ይሉታል።

መልሱ በምን እንደምንቆጥር ይወሰናል። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ገደማ ነው፤ በድሮ መማሪያ መጻሕፍት 4,620 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር በኋላ በተደረጉ ልኬቶች ዝቅ ብሏል። በሰሜን ተራሮች ውስጥ እንደ ቧሂት ያሉ ከ4,400 ሜትር የሚበልጡ ሌሎች ጫፎችም አሉ። ጫፍ ሁሉ እየተቆጠረ ከሄደ እነዚያ ስለሚቀድሙ ቱሉ ዲምቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

ራሳቸውን የቻሉ ተራሮች ብቻ ከተቆጠሩ ግን ቱሉ ዲምቱ ሁለተኛ ነው። ከራስ ደጀን ወደ ቧሂት የሚሄድ ሰው አንድ ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። ከራስ ደጀን ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ሰው ደግሞ ግማሽ አገር አቋርጦ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል፣ ሐዋሳ ወዳለችበት ዓይነት ከፍታ ወርዶ እንደገና 2,500 ሜትር ገደማ መውጣት አለበት። ጂኦግራፊ አዋቂዎች የአንድን ተራራ ነጻነት የሚለኩት በዚህ ነው። ስለዚህ «ሁለተኛ» የሚለው ለእኔ ትክክለኛው አቆጣጠር ነው።

ፓርክ ከሆነ ሰውና ከብት እንዴት አምባው ላይ ይታያሉ?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ደግሞ ከጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ጋር በአንድ ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከብት አርቢው ግን ከፓርኩ በፊትም ነበር። ቆላው ሲደርቅ ወይም ሰብል ማሳ ላይ ሲሆን ከብቱን ወደ ደጋው ማውጣትና ጊዜው ሲደርስ መመለስ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት ነው። ይህ የወቅት ዝውውር አምባው እንዲያገግም ዕድል ይሰጣል።

ችግሩ የመጣው ዝውውሩ ወደ ቋሚ ሰፈራ ሲቀየር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ መሬት ሣሩን ያጣል፤ ሣሩ ሲጠፋ ፍልፈሉ፣ ፍልፈሉ ሲጠፋ ቀበሮው ይከተላል። ለግጦሽ ሲባል አስታን ማቃጠልም እንዲሁ ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሣው ሰደድ እሳት በባሌ ሰፊ ደን አውድሟል። ይሁንና እዚያ ያለው ገበሬ ኑሮው ይኸው ነው፤ ከመኪናው ሳይወርድ እረኛ የሚወቅስ ጎብኚ ነገሩን አልተረዳውም። ጎብኚው ማድረግ የሚችለው ገንዘቡ አካባቢው ላይ እንዲቀር ማድረግ ነው። በመንገድ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከሐዋሳ ጭኖ ከመሄድ አስጎብኚና ፈረስ ከዲንሾ መከራየት፣ ጎባ ማደር፣ የሐረናን ማርና የዱር ቡና ከሪራና ከደሎ መና ሰዎች መግዛት ይቻላል። በፈረስ የሚሄድ ሰው ደግሞ ወይብ ሸለቆን ሁለትና ሦስት ቀን አድሮበት ማየት ስለሚችል በመኪና ከሚያልፈው በጣም የተሻለ ያያል።